ካሜራው ያየውና አንሺው ያላየው

በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዊልትሸር የሚባል አውራጃ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስቶንሄንጅ በተባሉት ጥንታዊ የድንጋይ ትክሎቹ ነው። በፎቶግራፍ ታሪክ ግን ከድንጋዮቹ ቀድማ የምትነሣው ሌኮክ የተባለች ትንሽ የገጠር መንደር ናት። በመንደሯ በ1232 የተመሠረተ የሴት መነኮሳት ገዳም ነበር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ የአገሩን ገዳማት ሲዘጋ ይኸኛውም በ1539 ተዘጋና የባለጸጎች መኖሪያ ሆነ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የቤቱ ጌታ ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የተባለ የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ነበር።

ታልቦት በኦገስት 1835 አንዲት ትንሽ የእንጨት ካሜራ ከቤቱ መስኮት ትይዩ አስቀመጠ። የወጣው ምስል ከቴምብር ብዙም አይበልጥም፤ ዛሬ ደግሞ ደብዝዟል። ቢሆንም በካሜራ ተነሥተው እስካሁን ከቆዩት ኔጋቲቮች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። ታልቦት ከምስሉ አጠገብ በእጁ በጻፈው ማስታወሻ፣ ምስሉ አዲስ ሳለ የመስኮቱን መስታወቶች በማጉያ መነጽር መቁጠር ይቻል እንደነበረና ቁጥራቸውም 200 ያህል እንደሆነ ገልጿል።

ይህ አጭር ማስታወሻ ትልቅ ነገር ይዟል። ሠዓሊ መስኮት ሲሥል የሚያስቀምጠው ዓይኑ ያረፈበትን፣ ልቡ የፈቀደውን ነው። መስታወቶቹን ሁሉ ካልቆጠረ ሥዕሉ ውስጥ ትክክለኛ ቁጥራቸው አይገኝም። ካሜራው ግን ማንም ቁጠር ሳይለው ሁሉንም ወስዷል። ሰውየው መስኮቱን አነሣ፤ ካሜራው ከመስኮቱ ጋር የእያንዳንዱን መስታወት ክፈፍ ያዘ። የቆየ ፎቶግራፍ ትልቁ ሀብቱ ይህ ነው። አንሺው ሊያሳየን ከፈለገው ነገር በተጨማሪ፣ እሱ ራሱ ልብ ያላለውን አብሮ ያቆይልናል። ያንን ማግኘት ግን ዝም ብሎ በማየት አይሆንም፤ ማንበብን ይጠይቃል። ዊልትሸር ከኔጋቲቭ የሚታተም ፎቶግራፍ የተወለደበት አውራጃ ስለሆነ፣ የዕለት ኑሮንና የሕንፃን ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚነበብ ለመማር ከእሱ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ምስል ወረቀት ላይ እንዴት ይቀራል?

የነገሩ መነሻ 1833 ነው። ታልቦት በዚያ ዓመት ጣሊያን ውስጥ ኮሞ ሐይቅ ዳር ሆኖ የአገሩን መልክ በእርሳስ ለመንደፍ ሞከረ። ለሥዕል የሚረዳ የመስታወት መሣሪያ ቢይዝም እጁ አልታዘዘለትም። ብርሃኑ ራሱ ምስሉን ወረቀት ላይ ቢያኖረው ምን ነበረበት ብሎ ማሰብ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አገሩ ተመልሶ የደረሰበት ዘዴ በቀላሉ ይገባል። ጥሩ የጽሕፈት ወረቀት በገበታ ጨው ውኃ ይነከርና ይደርቃል። ከዚያ ሲልቨር ናይትሬት የተባለው የብር ውሁድ ይቀባል። ጨውና ብሩ ሲገናኙ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ነገር ወረቀቱ ውስጥ ይፈጠራል። ወረቀቱ ካሜራ ውስጥ ገብቶ በሌንሱ በኩል የመጣው ምስል ሲያርፍበት፣ ብርሃን የበዛበት ቦታ ይጠቁራል፤ ጥላ ያለበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ የተገላቢጦሽ የሆነው ምስል ኔጋቲቭ ነው። ምስሉ ከዚያ በኋላ ብርሃን ቢያገኝ እንዳይጠፋ ታልቦት መጀመሪያ ላይ ጠንካራ የጨው ውኃ ይጠቀም ነበር። ኔጋቲቩን ሌላ በብር የተቀባ ወረቀት ላይ አስተኝቶ ፀሐይ ላይ ሲያኖረው ደግሞ ጨለማውና ብርሃኑ ወደየቦታው ተመልሶ ትክክለኛው ምስል ይታተማል። ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ ማተም የተቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ታልቦት ትንንሾቹን የእንጨት ካሜራዎች በግቢው ውስጥ እዚህም እዚያም ያስቀምጣቸው ስለነበር ባለቤቱ ኮንስታንስ የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ አንድ ምስል ለመያዝ ረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። በ1840 ግን ወረቀቱ ላይ ገና ለዓይን ያልታየ ምስል በኬሚካል ታጥቦ ሊወጣ እንደሚችል ደረሰበት። ጊዜው ወደ ጥቂት ደቂቃዎች፣ ፀሐይ ስትበረታም ከዚያ ወደ አነሰ ወረደ። ከ1844 እስከ 1846 ደግሞ 24 ፎቶግራፎች የተለጠፉበትን መጽሐፍ በስድስት ክፍል አሳተመ። የመጽሐፉ ቅጂዎች በእጅ የታተሙ እውነተኛ ፎቶግራፎች ነበሩባቸው። ያተማቸውም ከእሱ ቤት አገልጋይነት ተነሥቶ ሬዲንግ ከተማ ውስጥ የፎቶግራፍ ማተሚያ የከፈተው ሆላንዳዊው ኒኮላስ ሄንማን ነው።

ደጃፍ ላይ የተደገፈ መጥረጊያ

ከዚያ መጽሐፍ አንዱን ፎቶ ቀረብ ብለን እንመልከት። ስሙ የተከፈተው በር ይባላል። ሌኮክ ግቢ ውስጥ ያለ የአንድ የጋጣ ቤት ደጃፍ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከቅርንጫፍ ታስሮ የተሠራ ባለ ረጅም እጀታ መጥረጊያ ደጃፉ ላይ ተደግፏል። ፋኖስ ተሰቅሏል፤ ልጓምም ተንጠልጥሏል። ፀሐይዋ ጋደል ብላ ስለምትመጣ የጥላው መስመር በሩን አቋርጦ ይወርዳል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ዓይን ሲለምደው ግን ከጀርባ ያለ መስኮት ፈዘዝ ብሎ ይታያል።

ይህ ፎቶ በሁለት መንገድ ይነበባል። የመጀመሪያው የታልቦትን ሐሳብ መጠየቅ ነው። መጥረጊያው እዚያ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም፤ ታልቦት ይህን ደጃፍ በተለያየ ጊዜ ደጋግሞ አንሥቶታል፤ ዕቃዎቹንም አስቦ አስቀምጧቸዋል። ከፎቶው ጋር ባወጣው ጽሑፍም የሆላንድ ሠዓሊዎች ተራውን የቤት ኑሮ ለሥዕል ብቁ አድርገው እንደቆጠሩት አስታውሶ፣ እሱም የእነሱን መንገድ እንደተከተለ ይነግረናል። ስለዚህ ይህ ፎቶ አንድ ቀን ጠዋት ሠራተኛ ጠርጎ ሲጨርስ የተገኘ ትዕይንት ነው ብለን ብንደመድም ተሳስተናል።

ሁለተኛው መንገድ ዕቃዎቹን ራሳቸውን መጠየቅ ነው። አቀማመጡ የታሰበበት ቢሆንም መጥረጊያው እውነተኛ መጥረጊያ ነው። በምን እንደታሰረ፣ ጫፉ በሥራ ብዛት ምን ያህል እንዳለቀ፣ የደጃፉ ድንጋይ የት የት እንደተሸረፈ ይታያል። በ1844 አንድ የእንግሊዝ ባላባት ግቢ ውስጥ ጋጣ በምን ይጠረግ እንደነበር ከጽሑፍ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሰው የዕለት ዕቃውን አይጽፍምና። ፎቶው ግን ይዞታል።

ታልቦት ይህን የሥራውን ጸባይ ራሱ ተረድቶት ነበር። በዚያው መጽሐፍ ኦክስፎርድ ያለን ኮሌጅ አንሥቶ ሲያብራራ፣ ፎቶ አንሺ ሥራውን ከብዙ ጊዜ በኋላ በማጉያ ሲመረምር ሲያነሣ ያላያቸውን ነገሮች እንደሚያገኝ ይናገራል። ሕንፃ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍና ዓመተ ምሕረት ይገኛል፤ የሰዓት ገጽ ካለ ደግሞ ፎቶው የተነሣበት ሰዓት ሳይታሰብ ተመዝግቦ ይቀራል። የቆየ ፎቶ ለማንበብ የሚነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ መመሪያ አያገኝም፤ ማጉያውን አንሥቶ ጠርዝ ጠርዙን ማየት ነው።

ያልተንቀሳቀሱትና የጠፉት

ከሌኮክ ፎቶዎች አንዱ ሁለት ሰዎች እንጨት ሲሰነጥቁ ያሳያል። አንደኛው ሄንማን ነው። ሲታይ ሥራ ላይ ናቸው፤ ነገር ግን ማንም እየሠራ አይደለም። በዚያ ዘመን ምስል ለመያዝ የሚፈጀው ጊዜ መሣሪያ ለሚያወዛውዝ ክንድ እጅግ ረጅም ነበር፤ ክንዱ ቢንቀሳቀስ ኖሮ ጭጋግ ይመስል ነበር። ሰዎቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆመዋል። መሰላሉ በተባለው ሌላ ፎቶም ሦስት ሰዎች እንዲሁ ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ነው የተነሡት።

ይህን ማወቅ ብዙ ስሕተት ያድናል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተነሣ የከተማ ጎዳና ባዶ መስሎ ቢታይ ከተማው ሰው አልነበረውም ማለት አይደለም። የሚራመድ ሰው፣ የሚሄድ ፈረስ፣ የሚሮጥ ልጅ በብርሃኑ ውስጥ አልፎ ሄዷል፤ ወረቀቱ ወይም መስታወቱ አልያዘውም። አንዳንዴ እግሩ ቀርቶ ላዩ የጠፋ፣ ወይም ግድግዳው በሰውነቱ ውስጥ የሚታይ ሰው ይገኛል። ለአፍታ ቆሞ የሄደ ነው። ሰማዩም ሁልጊዜ ነጭ መሆኑ ዕለቱ ደመናማ ስለነበር አይደለም። የያኔው ኬሚካል ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ስለሚነቃ ሰማዩን አንጥቶ ያወጣዋል። በተቃራኒው ቀይ ነገር ጠቁሮ ይወጣል። የሴት ቀሚስ በፎቶ ጥቁር ሆኖ ቢታይ ሐዘን ላይ ናት ብሎ መወሰን አይቻልም፤ ቀሚሱ ቀይ ሊሆን ይችላል።

የቤት ውስጥ ኑሮ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የተደበቀ ነው። ማድ ቤት፣ መኝታ ቤት፣ የምሽት ጨዋታ በቂ ብርሃን የላቸውም። ማግኒዥየም እያቃጠሉ ማብራት ከ1860ዎቹ ጀምሮ የተቻለ ቢሆንም ውድና አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ የዊልትሸር ገበሬ ቤት ከውጭ በሳር ክዳኑና በአበባው ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ ሚስቱ ጎንበስ ብላ የምትሠራበት ጓዳ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጨለማ ውስጥ ቀርቷል። የሳር ክዳኑን ውበት ብቻ አይቶ የዚያ ዘመን ገጠር ኑሮ ደስ የሚል ነበር የሚል ሰው ካሜራው መግባት ያልቻለበትን ክፍል ረስቷል።

ዓመቱን ከጠርዙ ማውጣት

ከ1851 ጀምሮ በወረቀት ፋንታ መስታወት ለኔጋቲቭ በስፋት መዋል ሲጀምር ምስሉ እጅግ ጠራ። ግን መስታወቱ ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ መነሣትና መታጠብ ነበረበት። ፎቶ አንሺው ጨለማ ድንኳኑንና ጠርሙሶቹን በጋሪ ጭኖ ይዞር ነበር። ከ1870ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ደረቅ መስታወት መጣ፤ በ1888 ደግሞ ኮዳክ ማንም የሚያነሣበትን ካሜራ ገበያ አወጣ። ፎቶ አንሺው ከባለጸጋው ግቢ ወጥቶ ወደ ገበያና ወደ መንደር መንገድ የወረደው እንዲህ ነው። በ1860 የተቋቋመው የፍራንሲስ ፍሪዝ ድርጅት የአገሩን ከተማና መንደር እየዞረ አነሣ፤ ከነዚህም መካከል የዊልትሸር መንደሮች በብዛት ይገኛሉ።

እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ዓመት አይጻፍባቸውም። ዓመቱን የሚነግሩን ዋናው ነገር ሳይሆኑ በጠርዝ የገቡት ነገሮች ናቸው። ፎቶው ፖስት ካርድ ከሆነ ጀርባው ይታያል፤ በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለአድራሻ፣ ግማሹ ለመልእክት ከሆነ ከ1902 ወዲህ የታተመ ነው፤ የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ይህን የፈቀደው በዚያ ዓመት ነውና። የፖስታው ማኅተም ካርዱ የተላከበትን ቀን ይነግረናል፤ ፎቶው የተነሣበትን ቀን ግን አይነግረንም። ነጋዴዎች አንድን ኔጋቲቭ ለዓመታት ደጋግመው ያትሙ ነበር። ስለዚህ ማኅተሙ ከዚህ ወዲህ አይሆንም ይለናል እንጂ መቼ እንደሆነ አይወስንም።

በጎዳናው ላይ መኪና ካለ ሰሌዳው ይፈለጋል። በእንግሊዝ መኪና ሰሌዳ እንዲለጥፍ የተገደደው ከ1904 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። የዊልትሸር መለያ ኤ ኤም የሚሉት ሁለት ፊደላት ነበሩ። በአውራጃው ውስጥ ባለችው በዴቪዚስ ከተማ የገበያ አደባባይ ኤ ኤም የሚል ሰሌዳ የለጠፈ መኪና ከታየ ሁለት ነገር አወቅን፤ ፎቶው ከ1904 በፊት አይደለም፤ መኪናውም የዚያው አውራጃ ነው። በዚያው አውራጃ ስዊንደን ከተማ ውስጥ የትራም ሐዲድ ከታየ ደግሞ ፎቶው ከ1904 ወዲህ ነው፤ የከተማው ትራም ሥራ የጀመረው ያን ዓመት ነውና። እያንዳንዱ ፍንጭ ብቻውን ጥቂት ነው፤ ሦስት አራቱ ሲገጣጠሙ ግን ዓመቱ በጣም ይጠብባል።

የባቡር ከተማ ሕዝብ

ስዊንደን ለዚህ ንባብ በጣም ትመቻለች። የታላቁ ምዕራብ የባቡር ኩባንያ የጥገናና የመገጣጠሚያ ፋብሪካውን እዚያ በ1843 ሲከፍት አካባቢው ከኮረብታ በታች ያለ የግጦሽ መሬት ነበር። ኋላ ፋብሪካው ከዐሥር ሺህ በላይ ሠራተኞች የሚያስተዳድር ሆነ፤ እስከ 1986ም ቆየ። ኩባንያው የራሱ ፎቶ አንሺዎች ነበሩት። እነሱ የሚያነሡት ለሥራ ነው፤ አዲስ የተሠራ ባቡር፣ የተበላሸ ማሽን፣ የተጠናቀቀ ድልድይ። ዛሬ ግን ከባቡሩ ይልቅ ከጎኑ የቆሙትን ሠራተኞች እንፈልጋለን፤ የባርኔጣቸውን ዓይነት፣ የልጅ እግር ተለማማጆቹን ዕድሜ፣ የእጃቸውን ጥቁረት።

ከኩባንያው ውጭ ከተማውን በማንሳት የሚታወቀው ዊልያም ሁፐር ነው። ሁፐር የዚያው ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን ካጣ በኋላ በፎቶ አንሺነት ተዳደረ። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የስዊንደንን ጎዳናዎች፣ ሱቆች፣ ሰልፎችና የትምህርት ቤት ልጆች አንሥቶ በፖስት ካርድ ይሸጥ ነበር። በከተማው የኖረ ሰው ስለሆነ ካሜራው የሚያርፈው ከውጭ የመጣ ጎብኚ በማያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

ከስዊንደን ፎቶዎች ሁሉ በዓመቱ አጋማሽ የሚደረገውን የሠራተኞች ጉዞ የሚያሳዩት ልዩ ናቸው። ጉዞው በ1849 ወደ ኦክስፎርድ በሄዱ 500 ያህል ሰዎች ተጀመረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በጁላይ ወር ከ20 ሺህ የሚበልጥ ሰው በልዩ ባቡሮች ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ይወጣ ነበር፤ ከተማዋም ጭር ትላለች። ጣቢያው ይህን ሁሉ ሕዝብ ስለማይችል ባቡሮቹ የሚነሡት ከፋብሪካው አጠገብ ካሉት ሐዲዶች ነው፤ መሳፈሪያ መድረክ የለም። በፎቶዎቹ ላይ ሴቶች የበዓል ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሠረገላው ላይ በተደገፈ መወጣጫ ሲወጡ ይታያል። ልጆችን ተሸክመው ያቀብላሉ፤ ቅርጫትና ሻንጣ ከታች ይጠብቃል።

ፎቶው ላይ የሚታየው ደስታ እውነት ነው። ያልታየውም መታወቅ አለበት። ፋብሪካው ለጉዞው ሲዘጋ ደመወዝ አብሮ ይቆም ነበር፤ የዓመት ዕረፍት ከነደመወዝ የተደነገገው በ1938 ነው። እነዚያ ቤተሰቦች ባርኔጣቸውን አድርገው ሲወጡ ከተመለሱ በኋላ የሚጠብቃቸውን ባዶ ሳምንት ያውቁታል፤ ለዚያም ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም ያጠራቅሙ ነበር። ፎቶ ፊትን ያሳያል እንጂ የደመወዝ ፖስታን አያሳይም። ስለዚህ ፎቶና ሰነድ ጎን ለጎን መነበብ አለባቸው።

ድንጋዮቹ ከላይ ሲታዩ

ወደ ስቶንሄንጅ እንመለስ። የእንግሊዝ መንግሥት የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት በሰር ሄንሪ ጀምስ መሪነት የድንጋዮቹን ፕላንና ፎቶግራፍ በ1867 አሳተመ። ዓላማው ልኬት ነበር። ዛሬ ግን እነዚያ ፎቶዎች ድንጋዮቹ ከመጠገናቸው በፊት የነበሩበትን ሁኔታ ያሳዩናል። ከትልልቆቹ ድንጋዮች አንዱ ክፉኛ ዘምሞ ነበር፤ በ1901 ቀና ተደርጎ በኮንክሪት ተጠናከረ። ሌላው በ1900 የመጨረሻ ቀን በማዕበል ወድቆ ኖሮ በ1958 ሥራ ጊዜ ተነሣ፤ በዚያው ጊዜ በ1797 የወደቁትም ድንጋዮች ተተከሉ። ስለዚህ ጎብኚ ዛሬ የሚያየው ቅርጽ በከፊል የ20ኛው መቶ ዘመን መሐንዲሶች ሥራ ነው። ይህን ከፎቶ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ነገር የለም፤ ዓመት ያልተጻፈበትን ማንኛውንም የስቶንሄንጅ ፎቶም የዘመመውን ድንጋይ አይቶ ከ1901 በፊት ነው ወይም በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

በ1906 ሮያል ኢንጂነርስ የተባለው የመሐንዲስ ጦር መኮንን ከፊኛ ላይ ሆኖ ድንጋዮቹን አነሣ። በአገሩ ጥንታዊ ቦታ ከአየር ሲነሣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የዚህ ጦር ክፍል ከእኛም ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ካሜራና ኬሚካል ይዘው የመጡት ፎቶ አንሺዎች የሮያል ኢንጂነርስ ወታደሮች ነበሩ። መንገዱን፣ ተራራውንና መቅደላን ያነሡት ለጦሩ ጉዳይ ነው። እነዚያ ፎቶዎች ዛሬ የአገራችንን መልክ ለማጥናት ሲያገለግሉ፣ የሚነበቡበት ዘዴ ከዊልትሸሮቹ አይለይም፤ ለማን እንደተነሡ ማወቅና ከዓላማቸው ውጭ የያዙትን መፈለግ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ በ1920ዎቹ የሆነው ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል በ1921 በስቶንሄንጅ አካባቢ ያነሣቸውን ፎቶዎች የመሬት ቅርስ አጥኚው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ በ1923 ሲመረምር እርሻው ላይ የደበዘዙ ሁለት መስመሮች አየ። ከመሬት በታች የተቀበረ ቦይ ካለ በላዩ የሚበቅለው እህል እርጥበቱ ስለሚለያይ ቀለሙና ቁመቱ ከአካባቢው ይለያል። ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ አይታይም፤ ከአየር ግን መስመር ይሠራል። ክሮፎርድ ያየው ወደ ስቶንሄንጅ የሚወስደው ጥንታዊ ጎዳና የጠፋ ክፍል ነበር፤ በቁፋሮም ተረጋገጠ። አውሮፕላኑ ላይ የነበሩት ሰዎች ጎዳናውን አልፈለጉትም፤ አላወቁትምም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶው ውስጥ ተቀምጦ አንባቢ ሲጠብቅ ቆየ።

ፎቶዋ የቀረላት መንደር

እዚያው ዊልትሸር ውስጥ፣ ሶልዝበሪ በተባለው ሜዳ ላይ ኢምበር የምትባል መንደር ነበረች። የጦር ሚኒስቴሩ የአካባቢውን መሬት ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይገዛ ነበር። በኖቬምበር 1943 ነዋሪዎቹ ተሰበሰቡና የአሜሪካ ወታደሮች ለአውሮፓው ዘመቻ የሚለማመዱበት ቦታ ስላስፈለገ ከገና በፊት እንዲለቁ ተነገራቸው። የቀሩት 150 ያህል ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ጦርነቱ ሲያልቅ እንመለሳለን ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። ቤቶቹ በተኩስና በዕድሜ ፈረሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ቆሟል፤ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ቀኖች ብቻ ለሕዝብ ይከፈታል።

ከ1943 በፊት ኢምበርን ያነሡ ሰዎች አንዲት ገለል ያለች ውብ የገጠር መንደር ነበር ያነሡት። የሳር ክዳን ቤቶች፣ በመንገዱ ዳር የሚወርድ ጅረት፣ በር ላይ የቆሙ ሰዎች። ለፖስት ካርድ የሚመች መልክ ነው። መንደሯ ከጠፋች በኋላ ግን እነዚያው ፎቶዎች ማስረጃ ሆኑ፤ የማን ቤት የት ነበር፣ ግድግዳው ከምን ተሠርቶ ነበር፣ አጥሩ እስከየት ይደርስ ነበር የሚለውን የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አንድ ፎቶ የሚይዘው ትርጉም በተነሣበት ቀን አያልቅም። ከኋላው የሚመጣው ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፤ ፎቶውም ከዚያ በፊት ያልተጠየቀውን ይመልሳል።

የሌኮክ ዕጣ የዚህ ተቃራኒ ነው። የታልቦት የልጅ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንና መንደሩን በ1944 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ሰጠች፤ መንደሩ እስከ ዛሬ ሰው ይኖርበታል፣ መልኩም ተጠብቋል። በአንድ አውራጃ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት አንዱ መንደር ተረፈ፣ ሌላው ጠፋ። በ1930 ማንም ፎቶ አንሺ የትኛው እንደሚጠፋ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ማንሳት የሚገባው ያማረው ብቻ አይደለም።

እንግሊዞች ይህን በጦርነት ተማሩት። በ1940 የጀርመን ቦምብ ከተሞቹን ሲያፈርስ የስንት ሕንፃ መልክ በምስል እንዳልተያዘ ታወቀ። በ1941 የብሔራዊ ሕንፃዎች መዝገብ ተቋቋመ፤ ሥራው በየቦታው ያለውን ፎቶና ንድፍ መሰብሰብ፣ የጎደለውን ደግሞ ከመፍረሱ በፊት ማንሳት ነበር። የዚያ ሥራ ወራሽ የሆነው የታሪካዊ ቅርስ ቤተ መዛግብት ዛሬ ስዊንደን ውስጥ፣ በቀድሞው የባቡር ፋብሪካ ግቢ ይገኛል። ከ12 ሚሊዮን በላይ ፎቶግራፎች፣ ንድፎችና ሰነዶች ይዟል።

እንዴት እናንብብ?

የቆየ ፎቶ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ይጠየቃል። መጀመሪያ ካሜራው የት እንደቆመና ለምን እዚያ እንደቆመ ይጠየቅ። ጥላው ወዴት እንደወደቀ ከታየ ሰዓቱ ይገመታል፤ ዛፉ ቅጠል እንዳለው ከታየ ወቅቱ። ቀጥሎ ማን ከፈለ፣ ማን አዘዘ ይባል፤ ባላባት ያስነሣው ግቢ፣ ኩባንያ ያስነሣው ባቡርና ነጋዴ ለፖስት ካርድ ያነሣው ጎዳና የሚናገሩት የተለያየ ነው። ከዚያ ማን ቆሞ ተነሣ፣ ማን አልፎ ሄደ፣ ማን ከበር ኋላ ቀረ ይባል። በመጨረሻ ዋናውን ነገር ተወት አድርጎ ጠርዙን ማየት ነው፤ ማስታወቂያውን፣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ ጫማውን፣ የአጥሩን ቀዳዳ። ለዚህ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ፎቶን በአንድ እይታ ያየነው ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ገና አልጀመርነውም።

ብዙ ከተጠየቀ በኋላም ፎቶው የማይመልሰው አንድ ነገር አለ። ከሌኮክ ፎቶዎች ላይ የጌታው ቤተሰብ በስም ይታወቃል፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ግን ፊታቸው በግልጽ እየታየ ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው በአጠገባቸው ነበር፤ ሳይጽፈው ሞተ። ስለዚህ በእጃችን ያለ ማንኛውም ፎቶ፣ የቤተሰብም ይሁን የሰፈር፣ ቀለም ወረቀቱን ስለሚያበላሽ በለስላሳ እርሳስ ጀርባው ላይ ማን፣ የት፣ መቼ ተብሎ ይጻፍበት፤ በስልክ ያለውም እንዲሁ ከነስሙ ይቀመጥ። መጥረጊያውን፣ ድንጋዩንና የተቀበረውን ቦይ ካሜራው ሳይጠየቅ ይይዝልናል። ስምን ግን ሰው ካልጻፈው ማንም አይይዘውም።